ነጥብ ላይ የማያርፍ ዓይን

ከመድኃኒት ቤቱና ከጫማ ጠጋኙ መሃል ያለችውን ጠባብ መነጽር ቤት የመንደሩ ሰው የሚያውቃት በባለቤቷ ሳይሆን በሠራተኛዋ ነው። ዓይን የምትለካው ሴት እታለም ትባላለች። እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ ታናሽ እህቷ እንዲያ ስትጠራት የሰሙ ደንበኞች ተከትለው የያዙት ነው። አባቷ ሊሆኑ የሚችሉ ጡረተኞች ሳይቀሩ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው «እታለም፣ አለሽ?» ይሏታል። መጀመሪያ ላይ ታፍር ነበር፤ ኋላ ለመደችው።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ክፍል ጨለም ያለና አጭር ነው። የፊደል ሰሌዳው ከተመርማሪው መራቅ አለበት፤ ክፍሉ ደግሞ ለዚያ አይበቃም። ስለዚህ ሰሌዳው ከወንበሩ በስተኋላ ተሰቅሎ፣ ፊት ለፊት ባለ መስታወት ውስጥ ይነበባል። አዲስ ሰው ሁሉ ግራ ይገባዋል። አንድ ሾፌር ፊደሉን ፍለጋ ሲዞር አንገቱ ተቀጭቶ፣ መነጽር ሊገዛ መጥቶ የመታሻ ቅባት ገዝቶ ሄደ እያለ ጫማ ጠጋኙ እስከ ዛሬ ያወራል።

እታለም በሥራዋ ላይ ነገር አታበዛም። ከባዱን የመሞከሪያ መነጽር አፍንጫ ላይ ታስቀምጣለች፣ አንዱን ዓይን በጥቁር ክዳን ትከልላለች፣ ከሣጥኑ ሌንስ እያነሳች ትቀያይራለች። «አሁን ይሻላል? ወይስ አሁን?» ድምጿ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰዎችም ሳያውቁት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይመልሱላታል። «ኧረ ሁለቱም አንድ ሆነብኝ» የሚል ሰው ሲገጥማት ፈገግ ትላለች፤ ያኔ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ደርሳለች ማለት ነው።

ሙያውን ያስተማራት ባለሱቁ ነው። አሁን ሸምግሏል፤ በሩ አጠገብ ተቀምጦ መንገደኛ ሰላም ከማለት ሌላ ብዙ አይሠራም። ገና ልጅ ሆና መስታወት ልትወለውል ስትቀጠር አንድ ነገር ነግሯት ነበር። «ልጄ፣ ሰውየውን ተዪው፣ ዓይኑን እዪ። ሰው አንቺን ለማስደሰት ሲል ያልታየውን ታየኝ ይላል። ዓይን ግን ማስመሰል አያውቅበትም።» እታለም ይህን ቃል አጥብቃ ያዘችው። ሰው ቁምነገር ሲያወራት እንኳ የግራ ዓይኑ ከቀኙ ዘግየት ብሎ መከተሉን ታስተውላለች እንጂ የሚላትን አትሰማም። እናቷ በዚህ ትከሳታለች። «ባል ሲመጣላትም ዓይኑን ለክታ ነው የሸኘችው» ትላለች ለጎረቤት። እታለም ትሰማለች። ሰውየው ጥሩ ሰው ነበር። ያኔ ግን ሚጣ ገና ትምህርት ቤት ነበረች፣ እናትየዋ ደግሞ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ትውላለች። ማን ልጅቷን ይይዛታል?

ሚጣ ታናሿ ናት። በብዙ ዓመት ዘግይታ የተወለደች፣ እታለም ያዘለቻት፣ ፀጉሯን ያበጠረችላት፣ ወተት ያጠጣቻት። «ሚጣ» የሕፃንነቷ መጠሪያ ነበር፤ አድጋ ማተሚያ ቤት ሥራ ስትይዝም አለቀቃትም። ሥራዋ ለመታተም የተዘጋጀውን ገጽ ከዋናው ጽሑፍ ጋር እያስተያየች ስህተት መልቀም ነው። ጎበዝ ነበረች። የተገለበጠች ነጥብ፣ የጠፋች ሰረዝ አታመልጣትም። በልጅነቷም ቢሆን ሾርባዋ ውስጥ የገባችውን ፀጉር ከማንም በፊት የምታየው እሷ ነበረች።

መቼ እንደጀመረ ማንም በውል አያውቅም። አንድ ሰሞን ዳቦ ተወች። ሆዴን ይነፋኛል አለች። ቀጥሎ ዘይት የነካ ነገር ሁሉ አስጠላት። ከዚያ ቁርስን ሥራ ቦታ፣ ምሳን ሥራ ቦታ፣ ራትንም «ወጥቼ ቀምሻለሁ» ሆነ። አውቶቡስ ትታ በእግሯ መመላለስ ጀመረች። ጎረቤቶች «እንዴት አማረብሽ!» አሏት። እናትየዋ የዘመኑ ልጆች እንዲህ ናቸው አለች። እታለምም አላሰበችበትም፤ ሱቁ ውስጥ ቆማ ውላ፣ ማታ ደክሟት ገብታ፣ የሚጣን ሳህን ታጥቦ ስታገኘው በልታ ያጠበችው ነበር የሚመስላት።

አንድ ቀን ሚጣ ከሥራ ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆነሻል?» አለቻት እታለም።

«የሠርግ ካርድ አበላሸሁ።»

«ተበላሸ ታዲያ፣ ይታተም እንደገና።»

«ሙሉ መስመር ዘልዬ አለፍኩ። የሙሽራው ስም የለም። ታትሞ፣ ታጥፎ፣ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ነው የታየው። አለቃዬ ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ሙሽራዋ ብቻዋን ልታገባ ነው እንዴ?› አለኝ።»

እናትየዋ ከማድ ቤት ሳቀች። «ብልጥ ሙሽራ ናት በያቸው።»

ሚጣ ግን አልሳቀችም። «መስመሩ ይጠፋብኛል፣ እታለም። እያነበብኩ ዓይኔ ዘሎ ይሄዳል። ሲመለስ ሌላ ቦታ ነው የሚያርፈው። እኔ ሳላዘው።»

እታለም ይህን ስትሰማ ደስ አላት ማለት ይቻላል። ለእህቷ ልታደርግላት የምትችለው፣ በእጇ ያለ ነገር መጣላት። በማግስቱ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። ፊደሉን ሚጣ እስከ መጨረሻው ትንሽ መስመር ድረስ አነበበችው። ሌንስ ብትቀያይርላት ለውጥ የለም። ከዚያ እታለም ጫፉ ላይ ቀይ ዶቃ ያለበት ዘንግ አነሳች።

«ይህችን ነጥብ እዪ። ሌላ ቦታ እንዳታዪ።»

ሚጣ አየች። ዓይኖቿ ዶቃዋ ላይ አረፉ፤ ወዲያው ሁለቱም አንድ ላይ ወደ ጎን ቅንጣት ታህል ፈንጠር ብለው ተመለሱ። አረፉ፤ እንደገና ፈንጠር። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ በትከሻው በኩል ወደ ኋላ ሰርቆ እንደሚያይ ዓይነት።

«እዪው እንጂ።»

«እያየሁት ነው።»

«አላየሽውም፣ ዘለልሽ።»

«እያየሁት ነው አልኩሽ እኮ። ከዚህ በላይ እንዴት ነው የሚታየው?»

እታለም ድካም ነው አለች። የማተሚያ ቤቱ መብራት ነው አለች። ስታነብ ዓይን የምታሳርፍ ቀለል ያለች መነጽር ሠራችላት። ፍሬሙን ራሷ መረጠችው፤ ቡናማ፣ ለሚጣ ፊት የሚስማማ። ልጅቷም ለእህቷ ስትል «ትንሽ ይሻላል» አለቻት። ባለሱቁ የነገራትን እታለም ያን ቀን ዘነጋችው። ሰው አንቺን ለማስደሰት ሲል ነበር ያለው።

ጥቂት ቆይቶ ሚጣ መነጽሩ እየወረደ አስቸገረኝ ብላ መጣች። እታለም ጆሮ ላይ የሚያርፉትን እጀታዎች በሞቀ አየር አለስልሳ ወደ ውስጥ አጠፈቻቸው። ልክ ሆነ። ከዚያ እንደገና መጣች። አፍንጫ ላይ የሚቀመጡትን ትንንሽ ድጋፎች አቀራረበቻቸው። ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ «ፍሬሙ እየሰፋ ነው መሰለኝ» አለች ሚጣ፤ እታለምም «ርካሽ ፕላስቲክ እንዲህ ነው» ብላ እንደገና አሞቀችው። መነጽር ቤት የምትሠራ ሴት ፍሬም በራሱ እንደማይሰፋ ታውቃለች። ግን እጇ የለመደውን ሠራ። መነጽር ሲወርድ እጀታው ይታጠፋል፤ በቃ። ፊቱን ማን ይጠይቃል?

በመጨረሻ የሚታጠፍ ነገር ጠፋ። እታለም መደርደሪያው ፊት ቆማ ጠበብ ያለ ፍሬም ስትፈልግ ከሴቶቹ ረድፍ የሚሆን አጣች። ወደ ታች ወረደች። ከታችኛው ረድፍ አንድ ሰማያዊ አንስታ ሚጣ ላይ ለካችው፤ ተስማማ። ልጅቷ ወደ ሥራዋ ስትመለስ እታለም ሌንሱን ልትገጥምበት ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ባለሱቁ ከወንበሩ ተነስቶ ሲንጠራራ አየው። «የማን ልጅ ነው?»

«ምኑ?»

«ይሄ የሕፃናት ፍሬም ነዋ። ለማን ልጅ ነው?»

«ለሚጣ ነው።»

«ለየትኛዋ ሚጣ?»

«ለእኔዋ ሚጣ ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ፍሬሙን አነሳና እጀታዎቹን ከፍቶ በጣቶቹ መሃል ያለውን ስፋት አየው።  ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠውና ወደ በሩ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። እታለም ያኔ ነው የገባት። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የነበረችውን እህቷን መልሳ በዓይነ ሕሊናዋ ጠራቻት፤ ዓይኖቿን ብቻ ሳይሆን ዙሪያቸውን። የጉንጯን አጥንት። እጅጌዋ ውስጥ የሚዋኘውን እጇን። በሞቃት ቀን የለበሰችውን ወፍራም ሹራብ። ይህ ሁሉ ፊት ለፊቷ ነበር፤ ከክንድ ርቀት፣ በራሷ መብራት ስር።

ዛሬ እታለም ጋ መነጽሬ ላላብኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ወዲያው አይጠገንለትም። ወንበር ስባ «እስቲ ተቀመጥ፣ ሰሞኑን እንዴት ነህ?» ትለዋለች። ሰዎች ወሬ ወዳድ ሆነች ይላሉ።

ያኔ ግን ይህን ዘዴ ገና አላወቀችም ነበር። ያን ማታ ገበታው ላይ ከሚጣ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ሁልጊዜ የምትቀመጥበትን ቦታ ትታ።

«ብዪ» አለቻት።

«በልቻለሁ።»

«የት?»

«ሥራ ቦታ።»

«ምን በላሽ?»

«ምግብ ነዋ፣ ምን ይበላል?»

«ተያት እስቲ» አለች እናትየዋ። «መርማሪ ሆንሽባት እኮ።»

«እማዬ፣ እያት። አንዴ ቀና ብለሽ እያት።»

እናትየዋ ቀና አለች። ሚጣ ትከሻዋን ሰበሰበች። ሁለቱም ሲያዩዋት ማንኪያውን ሩዝ ውስጥ አስገባችና አንድ ጊዜ ጎረሰች። ሳህኑን ታያለች፣ ዓይኗ ፈንጠር ይላል፣ ይመለሳል። ሁለተኛውን እስከ አፏ አነሳችው። አስቀመጠችው።

«እልህ ነው ይሄ» አለች እታለም። ድምጿ ከፍ ሲል ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ሌላ አይደለም፣ እልህ ነው። እኔ በአንቺ ዕድሜ የአንቺን ትራፊ ነበር የምበላው።»

«እኔ አልጠየቅሁሽም» አለች ሚጣ። ተነስታ ገባች። በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው፤ እታለምን የበለጠ ያመማት እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሚጣ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር አልሰማም አለች። አልታመምኩም አለች። ሊያስኬዳት የቻለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይኗ። እሱ ያስፈራት ነበር። ሌላ ካርድ ቢበላሽ ሥራዋን ልታጣ ነው። «ለዓይንሽ ትልቁ ሆስፒታል እንሂድ» እታለም ስትላት ተነሳች።

የዓይን ሐኪሙ አየት አድርጎ ዓይኗ ጤነኛ እንደሆነ ነገራት። ከዚያ ግን እጇን ያዘና የልቧን ትርታ በጣቱ አዳመጠ። ቆየ። ፊቱ ተለወጠ። ወዲያው ወደ ሌላው ሕንፃ፣ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ላካቸው። እዚያ የተቀበለቻቸው ሐኪም ትልቅ ሴት ናት፤ ፀጉሯን ሽበት የወረሰው፣ ከመናገሯ በፊት ወንበሯን ወደ ሰው ጠጋ የምታደርግ። ሚጣን መዘነቻት፣ ደሟን አስመረመረች፣ የልቧን ምት በመሣሪያ አስለካች። ከዚያ እታለምን ለብቻዋ ኮሪደር ላይ አወጣቻት።

«እህትሽ ምግብን የምትፈራበት ሕመም አለባት» አለቻት። «እልህ አይደለም፣ ቅብጠትም አይደለም። ልቧ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚመታው። ዛሬ ተኝታ ብትታከም ደስ ይለኛል። በዚህ ሁኔታ ወደ ቤት ብትመለስ ግን እፈራለሁ።»

«አስተኟት ታዲያ።»

«ራሷ እሺ ብትል ነው የሚሻለው። በጉልበት የገባ ሰው በር በሩን ነው የሚያየው።»

ሲመለሱ ሚጣ ቦርሳዋን ይዛ ቆማ ነበር።

«እኔ የመጣሁት ለዓይኔ ነው» አለች። «አልጋ አልፈልግም።»

ሐኪሟ አልተከራከረችም። «እሺ፣ እንግዲያው በዓይንሽ እንጀምር» አለች። «እላይ ፎቅ ላይ እንዳንቺ ያሉ ሰዎች ዓይን እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያጠና ባልደረባ አለን። መስመር የሚጠፋባቸው ሌሎችም አሉ። ማየት ትፈልጊያለሽ?»

«ሌሎችም አሉ?» አለች ሚጣ። ቦርሳዋን አላስቀመጠችም፤ ግን ትከሻዋ ዝቅ አለ። ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች። «እታለምም ትለካ። እሷ ከተቀመጠች እቀመጣለሁ።»

«እኔ ምን አለብኝና?»

«ምንም የለብሽም። ለዛ ነው።»

አጥኚው መነጽር ያደረገ ለስላሳ ሰው ነው። እታለም ገና ስትገባ ግራ ሌንሱ መጫሩን አየች፤ አፏ ላይ መጥቶ ዋጠችው። እህትማማቾች መሆናቸውን ሲሰማ ደስ አለው። ጥናቱ ያልታመሙ እህቶችንም እንደሚፈልግ ነገራቸውና ፈቃዳቸውን ጠየቀ።

ሚጣ አገጯን መደገፊያው ላይ አሳረፈች፤ ግንባሯን ማሰሪያው ላይ አስጠጋች። ፊት ለፊቷ ባለው ጥቁር ስክሪን መሃል ነጭ ነጥብ በራች። «ነጥቧን ብቻ እዪ» አላት። እታለም ከኋላ ቆማ ሌላውን ስክሪን ታይ ነበር። የሚጣ ዓይን እዚያ ላይ መስመር ሆኖ ይሳላል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ድንገት አንድ እርከን ይወጣል፣ ጥቂት ይቆያል፣ መልሶ ይወርዳል። እንደገና። እንደ ትንንሽ የደረጃ እርከኖች። ያቺ በቀዩ ዶቃ ጊዜ ያየቻት የስርቆሽ እይታ ናት፤ አሁን ግን አላየሽውም ተብላ የምትወቀስ ነገር አይደለችም። ልጅቷ ከልቧ እያየች ነው፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ተጨብጠዋል።

ቀጥሎ እታለም ተቀመጠች። ይህ የእሷ ሜዳ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሰውን «ነጥቧን እይ» ስትል የኖረች ሴት ናት። አገጯን አሳረፈች፣ ትንፋሿን አረጋጋች፣ ነጥቧን አየች። ዓይኗ ድንጋይ ሆኖ እንደቆመ ተሰማት። ከኋላዋ ግን ሚጣ ድምፅ ስታወጣ ሰማች። ሳቅ ነው? ሚጣ ከሳቀች ቆይታለች።

«ምንድን ነው?» አለች እታለም አገጯን ሳታነሳ።

«አንቺም ትዘያለሽ።»

«አልዘለልኩም።»

«ዘለልሽ፣ እታለም። ይኸው እዚህ። ይኸው ደግሞ።»

ፈተናው ሲያልቅ አጥኚው ሁለቱን መስመሮች አንዱን ከሌላው በታች አሳያቸው። የእታለም እርከኖች ትንሽ ይራራቃሉ፤ ያለበለዚያ በአንድ እጅ የተሳሉ ይመስላሉ።

«መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል» አለች እታለም።

«ጠዋት አስተካክዬዋለሁ» አለ ሰውየው፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሁሉ። «አይጨነቁ። የማንም ሰው ዓይን ፍጹም አይቆምም፤ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እንዘላለን። ይህ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን በርከት ሲል እናያለን። ጤነኛ ከሆኑ እህቶቻቸውም በአንዳንዶቹ ላይ አይተናል።»

«ምን ማለት ነው ታዲያ?»

«እሱን ነው የማናውቀው። ርሃብ ያመጣው ነው ብለን እንዳንደመድም ያልተራቡትም አላቸው። ከጭንቀት ጋር የሚያያዝ ይመስለናል፤ ገና እየፈለግን ነው። ይህን ዓይተን ማን ይታመማል፣ ማን አይታመምም አንልም። የሚታመም ሰው መርጦ አለመታመሙን ግን አውቃለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ መስኮት ስር አግዳሚ ወንበር ነበር። ሁለቱም ተቀመጡ። አንዲት ነርስ ባዶ ጋሪ እየገፋች አለፈች።  ሰው ሁሉ ፊቷ ተቀምጦ መልስ የሚጠብቅባት፣ ቁጥር የምትናገረው እታለም፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች።

«እታለም» አለች ሚጣ።

«እመት።»

«አንቺ ለምን አልታመምሽም?»

ድሮ ቢሆን መልስ ነበራት። እኔ ጊዜ የት ነበረኝ ትል ነበር። ራሴን አጠንክሬ ትል ነበር። አሁን እነዚያን እርከኖች አይታለች። ያቺ እረፍት የሌላት ነገር፣ ያቺ ከተቀመጠችበት ፈንጠር የምትል ነገር፣ እሷም ውስጥ ነበረች። በአንዷ እህት ሌንስ መወልወል ሆነች ይሆናል፤ በር ተዘግቷል ወይ ብሎ ተነስቶ ማየት፤ ለመጣ ባል እሺ ለማለት መፍራት። በሌላዋ ይህ ሆነ።

«አላውቅም» አለች።

ሚጣ ዞራ አየቻት። ይህን ቃል ከእህቷ አፍ ሰምታው አታውቅም።

«እውነት አላውቅም፣ ሚጣዬ። እልህ ነው ያልኩሽን ግን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አፌ ነው።»

 ሚጣ የሹራቧን እጅጌ ወደ ጣቶቿ እየጎተተች ማውራት ጀመረች፤ ወደ እህቷ ሳይሆን ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ። «እርቦኝ ነው የምውለው። ሰው አይርባትም ይላል። ይርበኛል። ሳህኑ ሲመጣ ግን አንድ ነገር የሚገስጸኝ ይመስለኛል። አንድ ጉርሻ ብጎርስ የሆነ ነገር የሚፈርስ ይመስለኛል። ምን እንደሚፈርስ አላውቅም። ሞኝነት ነው አይደል?»

«አይደለም።»

«አንቺ ደግሞ ፊት ለፊቴ ትቀመጪና ታዪኛለሽ። እማዬም ታየኛለች። አራት ዓይን። እንዴት አድርጌ ልዋጠው?»

እታለም ዓይኗን ከእህቷ ላይ አነሳች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰጠችው ነገር ቢኖር ማየት ነበር። በማየት ነው ያሳደገቻት፤ በማየት ነው የወደደቻት። አሁን ደግሞ የምትለመነው እንዳታይ ነው።

«ብገባ» አለች ሚጣ፣ «ብገባ ትመጫለሽ?»

«በየቀኑ።»

«ስበላ ግን እንዳታዪኝ። ማሉልኝ።»

«ማሉልኝ ይባላል እንዴ ለአንድ ሰው?»

«እማዬንም ጨምሬ ነው።»

«እማዬን እኔ አስምላታለሁ። አላይሽም።»

ሚጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ለትንሽ ጊዜ አቀፈችው። ከዚያ ለእህቷ ሰጠቻት፤ ተነስታም ወደ ሐኪሟ ክፍል ሄደች። እታለም አልተከተለቻትም። በሩ ሲከፈት የሚጣን ድምፅ ሰማች፤ «እሺ፣ ግን እፈራለሁ» ስትል። ሐኪሟ ደግሞ «እየፈራሽ ግቢ፣ ችግር የለውም» ስትላት።

ሁሉም ነገር በአንዴ አልተስተካከለም። መጀመሪያ ሰሞን ሚጣ ውጪ ልውጣ ብላ አልቅሳለች፤ ነርሶቹን ጠልታለች፤ ሾርባውን የአበባ ማሰሮ ውስጥ ደፍታ ተይዛለች። እናትየዋ አንድ ቀን መሐላዋን ረስታ «ትንሽ ብቻ፣ ለእኔ ስትዪ» ብላ ሚጣን ሳህኑን አስገፍታታለች። ኪሎዋ ወጣ ሲል ተደሰቱ፣ ወረደ ሲል ዝም ተባባሉ። ሐኪሟ ረጅም መንገድ ነው ብላቸዋለች፤ ከዚህ በላይ ቃል አልሰጠቻቸውም። ማተሚያ ቤቱ ቦታዋን እንደሚያቆይላት ነግሯታል፤ አለቃው ራሱ መጥቶ የማይረባ ቀልድ ቀልዶ ሄዷል።

እታለም ግን ሱቁን ቀደም ብላ እየዘጋች ምሽት ምሽት ትመጣለች። በዎርዱ መመገቢያ ክፍል ውስጥ ዘመድ ከታካሚ ጎን እንጂ ፊት ለፊት አይቀመጥም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሚጣ ወደ ሳህኗ፣ እታለም ወደ መስኮቱ። ከመስኮቱ ውጪ ገመድ ላይ የተሰጡ የነርሶች ልብሶች አሉ፤ ነፋስ ሲመጣ እጅጌዎቻቸው ይነሳሉ። መጀመሪያ ላይ አንገቷ ይቆረጥማት ነበር። ጆሮዋ የማንኪያውን ድምፅ ይጠብቃል፤ ሲቆይ ደግሞ ልትዞር ይቃጣታል፤ ትይዘዋለች።

አንድ ምሽት ማንኪያው ሳህኑን ነካ።  እንደገና ነካ።

«ጨው የለውም» አለች ሚጣ።

እታለም ዓይኗን ከልብሶቹ ላይ አልነቀለችም። ሚጣ ስለ ምግብ ጣዕም ከተናገረች ስንት ጊዜ እንደሆነ አታስታውስም። ልትጮህ፣ ልትስቅ፣ ዞራ ልታቅፋት ፈለገች።

«ነርሷን ልጥራልሽ?» አለች፣ ድምጿን እንደ ሁልጊዜው ዝቅ አድርጋ።

«ተያት። ዝም ብለሽ አውሪኝ።»

«ስለ ማን?»

«ስለ ማንም። ዛሬ ማን መጣ?»

«ዛሬማ አንዲት ሴትዮ መጣች» አለች እታለም ወደ መስኮቱ። «ባሏ ያንኮራፋል። እና በመነጽር ይስተካከል እንደሆነ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ሰውየውን ይዘሽው ነይ አልኳት፣ እስቲ እናነጋግረው።»

አጠገቧ ሚጣ ስትስቅ አፏ ሙሉ ነበር።